አያ እንድሪስ ያልበላው ዶሮ

አያ እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ልብስ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ፒያሳ ወጥቼ ሱቁን ዝግ አገኘሁት። ያ ሱቅ በሥራ ቀን ተዘግቶ አይቼ ስለማላውቅ፣ ከውስጥ ሰው የሚከፍትልኝ ይመስል በሩን በመዳፌ መታሁት። አጠገቡ ቁልፍና ክር የምትሸጠው ልጅ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

«እማማ፣ አልሰሙም እንዴ? ትናንት ጠዋት ዐረፉ እኮ። ከሰዓት ተቀበሩ» አለችኝ።

ሙስሊሞች ሬሳ አያሳድሩም። ጎንደር ተወልጄ ያረጀሁ ሰው ይህን አጥቼው አይደለም፤ ግን ወሬው ሳይደርሰኝ ቀረ። በእድራችን አንድ ሰው ከቀብር ሲቀር «ምክንያቱን ተነሥቶ ይናገር!» ብላ የምትጮኸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆሜ ምክንያቴን የሚጠይቀኝ ሰው ባለመኖሩ የባሰ አፈርሁ። እንዲያውም አያ እንድሪስን ባሰብሁት ቁጥር ቀድሞኝ የሚመጣው እፍረት ነው። ለምን እንደሆነ ልናገር።

አያ እያልሁ አንተ ነበር የምለው። በእኛ አገር አያ ካሉ ክብሩ እዚያው ውስጥ ስላለ አንቱታ አይጨመርበትም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በአጭሩ የሚከረክም ሰው ነበር። አባቱም አያቱም ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቤታቸው አዲስ ዓለም ነው። ጨርቅ ሲሸጥ አንድ ልማድ ነበረው። ገዢው የወደደውን ጣቃ ያወርድና ዘርግቶ ከማሳየቱ በፊት ገልብጦ ጀርባውን ያሳያል። «ፊቱንማ ሁሉም ያሳምረዋል፤ ጨርቅ የሚገዛው በጀርባው ነው» ይላል። ጀርባው ላይ የተዘለለ ክር ካለ እሱ ራሱ በጣቱ ይጠቁማል። ልጆቹ ይህን ልማድ አይወዱትም ነበር። አንዱ ልጁ አንድ ቀን እኔ ፊት፣ «አባባ፣ እንዲህ እየሸጥህ እንዴት ሀብታም ትሆናለህ?» ቢለው፣ «ሀብታም ልሁን ብዬ መቼ ነገርሁህ?» አለው።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ከእሱ የገዛሁትን ጨርቅ ልብስ ሰፊው «ጎድሏል» አለኝ። ነገር የሚጎድልበት ቦታ እኔ ዝም አልልም። ተመልሼ ገብቼ፣ ሱቁ ሰው እንደ ሞላ፣

«አያ፣ ሜትርህ ሌባ ነው!» አልሁት።

አልተቆጣም። የእንጨቱን ሜትር አንሥቶ ሰጠኝ።

«እንኪ። ፒያሳ ካለው ሜትር ሁሉ ጋር አስተያዪው። ከዚያ የፈረድሽውን እቀበላለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ታፍር ነበር። እኔ ሜትሩን እንደ ጦር ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከሱቅ ሱቅ ዞርሁ። ባለሱቆቹ ሳቁብኝ፣ አንዱም ተሳደበ። የአያ እንድሪስ ሜትር ከሁሉም በአውራ ጣት ውፍረት ይረዝም ነበር። ጨርቁን ያጎደለው ልብስ ሰፊው ኖሯል። አቀርቅሬ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እህ፣ እሜቴ ዳኛ፣ ፍርዱ ምን ሆነ?»

«ያንተ ይረዝማል።»

«እንግዲያ ስንት ዘመን የተረፈሽን የጣት ጣቷን ልትመልሽልኝ ነው?»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እሜቴ ዳኛ ሆኖ ቀረ።

ወደ ተራራ አብረን መውጣት የጀመርነው ደግሞ በመምህርት ሰናይት ምክንያት ነው። ሰናይት የሰፈራችን የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልፍ፣ ሜዳው አበባ በአበባ በሆነበት ሰሞን፣ ጥቂት ሰዎች ይዛ ጎንደር ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች እስከ ወገራ ድረስ እየሄደች የሚበቅለውን የዱር ተክል ትመዘግባለች። ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያልኮተኮተው፣ ከዓመት ዓመት የሚጠፋና የሚገኝ ነገር ተጽፎ ይቀመጥ ነው ሐሳቧ። አያ እንድሪስ የገባው ስኳር አለብህ፣ ተራመድ ስለተባለ ነው። እኔ የገባሁት ደግሞ ማስታወቂያዋ ላይ «ማንበብና መጻፍ የሚችል» የሚል ስላየሁ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ቢሆንም ላልተማሩት ጎረቤቶቼ ተናደድሁ። ቤቷ ሄጄ፣

«ሣር ለማየት ፊደል ምን ይሠራል? ይሄ አድልዎ ነው» አልኋት።

«እውነትዎን ነው፤ አጠፋዋለሁ። ይምጡ እርስዎም» አለች።

ጎረቤቶቼ አንዳቸውም አልመጡም። እኔ ግን ከተናገርሁ በኋላ የት ልግባ፤ ጉልበቴን እያሸሁ ወጣሁ።

አያ እንድሪስ የተክል ስም አይዝለትም ነበር። ሰናይት ዛሬ የነገረችውን በሳምንቱ ይረሳዋል። ቅጠል ሲያይ ግን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መሐል አድርጎ እንደ ጨርቅ ያሸዋል፤ ከዚያ ይገለብጠውና ጀርባውን ያያል። ቀጠጥናን ዳስሶ «ይሄስ ከፈይ ነው» ይላል። የክትክታን ቅጠል «ሰም የተቀባ ፖፕሊን» አለው። አንድ ቀን ሳማን ሳያውቃት ሊያሻት ያዛት። እጁን እያራገፈ ዘሎ፣

«ይቺስ የአማት ቀሚስ ናት!» ቢል ሰናይት ከሣቋ ብዛት ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ከእኛ ጋር ጋሽ ውበቱ የሚባል ጡረታ የወጣ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ፎቶ አንሺያችን እሱ ነው። ሌሎችም ሁለት ሦስት ሰዎች እንደየጊዜያቸው ይመጣሉ።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ። መንገዱ ገና ደህና በነበረበት ዓመት ነው። መስቀል አልፏል፣ ጽጌ ገና አልገባም። ሚኒባስ ተከራይተን አምባ ጊዮርጊስ ወረድንና ከዚያ በእግራችን ወደ ገጠሩ ገባን። ነፋሱ ፊት ይልጣል። ባቄላው እሸት ደርሷል፣ ገብሱ ሊያሽት ነው፤ በየማሳው ድንበር ያልታረሰችው ጠባብ መሬት በቢጫና በወይን ጠጅ አበባ ተሞልታለች። ሰናይት የምትፈልገው ይህችኑ ነበር፤ ማረሻም ከብትም ያልነካትን ድንበር።

ከአንዲት ጎጆ በታች፣ ከማሳ ጥግ እስከ ወንዙ የሚወርድ ቁራጭ መሬት አገኘን። ጥጉ ላይ አንዲት አሮጌ ወይራ አለች። ሰናይት ከወይራዋ ሥር ጎንበስ ብላ ጮኸች። ሰማያዊ ክር ቋጠሮ የምትመስል ትንሽ አበባ ናት።

«ስንት ዓመት ፈለግኋት! እዩአት፣ በአንድ ቦታ ይህን ያህል!»

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። የሰናይት አሠራር እንዲህ ነው፤ አራት ካስማ ይተከላል፣ በካስማዎቹ ዙሪያ ገመድ ይወጠራል፣ በገመዱ ውስጥ የበቀለው ሁሉ ይቆጠራል፣ ይጻፋል። ከዚያ ካስማው ይነቀልና ትንሽ ራቅ ብሎ ይተከላል። ጋሽ ውበቱ ፎቶ ያነሣል። እኔ ገመድ ያዥ ነበርሁ። አያ እንድሪስ ሜትር እየዘረጋ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ለሜትር እሱን የሚያህል ሰው የለንም። ከወይራዋ እስከ ወንዙ ድረስ እንዲህ እያልን ወረድን።

ላይ ጎጆው በር ላይ አንዲት ሴት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆማ ስታየን ነበር። ቆየችና ወደ ቤት ሮጣ ገባች። ቀጥሎ ከጎረቤት አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ወደ ቤቷ ሲሄድ አየነው። ጋሽ ውበቱ «ዛሬ የሆነ ሰው ይበላል» ብሎ ቀለደ። ብዙም ሳይቆይ የቀይ ሽንኩርት ቁሌት ሽታ እስከ ወንዙ መጣ።

ገመዳችንን ጠቅልለን ልንሄድ ስንል ሴትዮዋ ወርዳ ከፊታችን ቆመች። ነጠላዋን አደግድጋለች። ስሟ ብርቄ ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊቷን ግን ብርዱ አስረጅቶታል።

«ጌቶቼ፣ እመቤቶቼ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱልኝ። በባዶ አንጀት አትለፉብኝ።»

«ኧረ እንቸኩላለን፣ እህቴ» አለች ሰናይት።

«በወንዙ ይዣችኋለሁ! ወጡ ደርሷል።»

እኔ ደስ አለኝ። ደስ ብቻም አይደለ፣ ለወገራ ሰው እንደ ጠበቃ ሆኜ፣ «አያችሁ ሰው? ከተማ ቢሆን ውሃ የሚያጠጣችሁ አለ? ግቡ እንጂ፣ እንግዳ ሆኖ መግደርደር ምን ይባላል!» ብዬ ሁሉንም እየገፋሁ አስገባሁ።

በሩ ላይ ብርቄ የአያ እንድሪስን ቆብ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ በሞትሁት! እስላም ነዎት እንዴ? ዶሮውን እኮ የኛ ሰው ባረከው! ምን ላድርግ እኔ? ምን ላብላዎት?»

ዶሮዋን የባረከው ክርስቲያን ስለሆነ እሱ እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ በጎንደር ይህ የሚያጣላ ነገር አይደለም። እሷ ግን እንባዋ ደረሰ። ያኔ ልብ ልንል ይገባን ነበር።

«አይዞሽ፣ የኔ እኅት። እሸት አለሽ አይደል? ለኔ እሸት ከዶሮ ይበልጣል» ብሎ ውጭ ካለችው መደብ ላይ ተቀመጠ። የተጠበሰ ባቄላ በሰፌድ አቀረበችለት።

እኛ መሶቡን ከበብን። መቼም ማንም ሳይጠይቀኝ ማካፈሉን ያዝሁ። ጋሽ ውበቱ እጁን ወደ ፈረሰኛው ሲሰድ ያዝሁት።

«ምነው እትዬ? ፈረሰኛ እኮ ከጥንት ጀምሮ ለወንድ ነው።»

«ጥንት ጥንት ነው። ተራራውን የወጣነው እኩል ነው። ዛሬ ፈረሰኛው አበባዋን ላገኘችው ለሰናይት ነው።»

«አይ እሜቴ ዳኛ!» አሉ ሁሉም። ሰናይት ሣቀች። ብልቱን አንድ በአንድ አዳረስሁ፤ እንቁላሉ ከሰዉ ስላነሰ ከነጠላዬ ክር መዝዤ እኩል እኩል ሰነጠቅሁት። አንድም ሰው እንዳይጎዳ፣ አንድም ሰው እንዳይበልጥ። ብርቄ ከምሰሶው ሥር ቆማ «ብሉልኝ፣ በሞቴ ብሉልኝ» ትላለች። እሷ አልቀመሰችም። ከምድጃው በላይ ያለው የዶሮ ቆጥ ባዶ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ማየቴን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ብርቄ ለአያ እንድሪስ እሸት ልትጨምርለት ወጣች። ቆየች። ከዚያ አያ እንድሪስ ጫማውን አውልቆ ብቻውን ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እጃችሁን ከመሶቡ አንሡ» አለ።

እባብ ያየ መስሎኝ ነበር። አጥንት በእጄ ይዤ ቀና ብዬ አየሁት። ሁልጊዜ የሚስቀው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይቺ ሴት መሬት ለኪዎች መስለናታል» አለ። «ባሏ ሞቷል። ወንድሞቹ እስከ ወንዙ ያለው የኛ ነው እያሉ ያዋክቧታል። ከመስቀል በኋላ ከከተማ ሊለኩ ይመጣሉ የሚል ወሬ ሰምታ ኖሯል። አሁን ከአጠገቤ ተንበርክካ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ‹ጌታዬ፣ እርስዎ ትልቃቸው ይመስሉኛል። ገመዱን ከወይራዋ ወዲያ አድርጉልኝ።› ዶሮዋ ይህችው አንዲቷ ነች።»

ገመድ ወጥረናል፣ ካስማ ተክለናል፣ ሜትር ዘርግተን ቁጥር ጮኸናል፣ ጽፈናል፣ ፎቶ አንሥተናል። በእኛ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው ለሌላ ለምን ይመጣል? ሁላችንም የገጠር ዘር አለብን፤ ለአንዳችን እንኳ ይህ ሳይመጣልን ቀረ። አበባ ስናይ ሰው ረሳን። እኔ የባሰ፤ የአንዲት መበለት ጉቦ በክር እየሰነጠቅሁ በእኩል ያካፈልሁ ፍትሕ አዋቂ።

ብርቄ ስትመለስ ሰናይት እጇን ይዛ ታስረዳት ጀመር። እኛ መንግሥት አይደለንም፣ መሬት አንለካም፣ አበባ ነው የምንጽፈው፣ የዱር አበባ።

«እሺ የኔ እመቤት» ትላለች ብርቄ። «አበባ ነው። እሺ።»

«ካላመንሽ ወረቀቱን እዪው፤ የሣር ስም ብቻ ነው።»

«እኔ ፊደል አላውቅም። እናንተ ካላችሁ አበባ ነው።»

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ማር በቅል ይዛ መጣች። ከማሩ ጋር ዓይኗ ወደ በሩ ሲሄድ አየሁ፤ እዚያ አንድ በግ ታስሯል።

አያ እንድሪስ በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ውጭ አወጣን። እኔ ቀድሜ ተናገርሁ።

«የዶሮዋን ዋጋ እናዋጣና እንስጣት። አሁኑኑ።»

«አስቢው እስቲ» አለ። «ሹም የበላውን ጉቦ ሲመልስ ምን ማለቱ ነው?»

እኔ ብሬን ከመቀነቴ መፍታት ጀምሬ ነበር፤ እሱ ግን ቀጠለ።

«‹ልመናሽን አልተቀበልሁም› ማለቱ ነው። ያን ገንዘብ ስንሰጣት መሬቷን የወሰድንባት ያህል ነው።»

«እንግዲያ ደግመን እንንገራት! ሰው እውነት ሲነገረው...»

«ነገርናት፤ ማር ጨመረች። ደግመን ብንነግራት በጓን ታመጣለች።»

ከዚያ ወደ ሰናይት ዞረ። «ልጄ፣ የዛሬውን ወረቀት ስጪኝ።»

ሰናይት ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። «ምን ልታደርገው ነው?»

«ምድጃዋ ውስጥ ልጨምረው። እያየች።»

«አያ፣ ያቺ አበባ እኮ... ፎቶውም?»

«ፎቶውም። ከዚህ ቦታ በእኛ እጅ ላይ ምንም አይቅር።»

እኔ ተንጨረጨርሁ። «ይህን ካደረግንማ ጉቦ በልተው ወረቀት ያቃጠሉ ሊባል ነው! እኔ በሕይወቴ የሰው ሐቅ በልቼ አላውቅም። ይህን ስም ተሸክሜ ከዚህ አልሄድም!»

አያ እንድሪስ ልብሴን እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገኝ።

«እሜቴ ዳኛ፣ አንዱን ምረጪ። የእኛ ስም ነው ወይስ የዚች ሴት እንቅልፍ?»

ሰናይት ከሁላችንም ታናሽ ናት፤ ግን ወረቀቱን ቀድማ የሰጠችው እሷ ነች። እያለቀሰች ሰጠችው። ጋሽ ውበቱም ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጠፋ።

ተመልሰን ገባን። አያ እንድሪስ ወረቀቶቹን ለብርቄ አሳያትና በእጁ ምድጃው ውስጥ ጨመራቸው። እሳቱ ሲይዛቸው ዓይኗን አልነቀለችም። የመጨረሻው ጥግ ሲጠቁር አያ እንድሪስ ከፊቷ ጎንበስ አለ።

«ብርቄ፣ በላን። ጠገብን። አላህ ይስጥልን። መሬትሽን የሚነካ ሰው ከእኛ በኩል የለም።»

በላን አለ። አንዲት ቁራሽ ከመሶቡ ያልነካው ሰው! ይህን መሸከም አቃተኝና በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ «እሱ አልበላም! እሱ ምንም አልበላም!» ብዬ ጮኽሁ።

ዘወር ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

«ዛሬስ ሚዛንሽን አውርጂው።»

ብርቄ አንድ ጊዜ እልል አለች። ከዚያ ጉልበቱን ስማ፣ እያንዳንዳችንን ጉልበት ጉልበታችንን ሳመች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኗል፤ ወጣት ሴት ነበረች ለካ። ባዶውን ቆጥ እያየች፣

«ዶሮዬ አላሳፈረችኝም» አለች።

ስንወጣ አያ እንድሪስ የወይራዋን ሥር አሳይቷት የዚያችን ሰማያዊ አበባ ስም ጠየቃት። «ይቺን? ይቺን አረም?» ብላ ሣቀችና ነገረችን። ስሟን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰናይት መዝገቧ ላይ አላስገባችውም፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም። ያን ቀን ምንም አይቅር ብለናል።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከተማው ሲቃረብ አላስችለኝ ብሎ፣

«አያ፣ አንተ እንኳ ምን ያሳፍርሃል? አፍህ ንጹሕ ነው» አልሁት።

በመስኮቱ እያየ፣ «እፍረት እንደ ዶሮ አይበለትም፣ እሜቴ ዳኛ። ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉው ነው የሚደርሰው» አለኝ።

በዓመቱ፣ ከብርቄ ቀዬ ራቅ ወዳለ ሌላ መንደር ሄድን። ገመድ አልያዝንም፣ ሜትር አልያዝንም። ገና መንደሩን ሳንደርስ አንድ ሽማግሌ ከኮረብታው እየሮጠ ሲወርድ አየን። በብብቱ አውራ ዶሮ ይዟል። ወሬው እኛን ቀድሞን ነበር፤ ዶሮ ከበሉ ወረቀት ያቃጥላሉ ተብሏል። አያ እንድሪስ ሰላም ብሎት፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው አስመስሎ፣ ሁላችንንም ይዞን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በሰው ማሳ አጠገብ ጽፈን አናውቅም። ቀጥሎም መንገዱ የሚሄዱበት አልሆነም። የአያ እንድሪስም እግር በስኳሩ ምክንያት ቆሰለና ከሱቁ ወንበር መነሣት አቃተው።

እየሄድሁ እጠይቀው ነበር። ስለ ዶሮዋ አንሥተን አናውቅም። ግን ከወገራ በኩል የመጣ ገዢ ሲገባ ጨርቁን ገልብጦ እያሳየ፣ እንደ ዋዛ፣ «ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ወንዝ ዳር ብርቄ የምትባል አለች። መሬቷ እጇ ላይ ነው?» ይላል። የሚያውቃት ሰው ተገኝቶ «እሷው ናት የምታሳርሰው» ሲለው፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ እኔ ሳያይ ጨርቁን ይለካል።

ሱቁን ዝግ ካገኘሁበት በቀጥታ በባጃጅ አዲስ ዓለም ለቅሶው ቤት ሄድሁ። ሴቶቹ ያሉበት ክፍል አስገቡኝ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የምስር ወጥ ለብቻ ተሠርቶ ነበር፤ በሐዘናቸው መሐል ይህን አልረሱም። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በቀስታ፣

«አንቺስ እህቴ፣ ከሟቹ ጋር በምን ትተዋወቃላችሁ?» አሉኝ።

ስንት የምለው ነገር ነበር። ጨርቅ ገዝቼዋለሁ፣ ተራራ አብረን ወጥተናል ማለት እችል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣

«አንድ ዶሮ አብረን በልተናል» የሚል ሆነ።

አንዷ የልቅሶ ሳጓን ዋጠችው። ዕድሜ ልኩን ሃይማኖቱን ጠብቆ የኖረ ሰው፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ አንዲት ክርስቲያን መጥታ ከክርስቲያን ማዕድ ዶሮ አብሬው በላሁ አለች! ምን እንዳልሁ ሲገባኝ ላስተባብል አፌን ከፈትሁ። ግን ምን ልበል? «አልበላም» ብል፣ ያን ቀን ዝም በይ ብሎኛል። «በላ» ብል ስሙን አጠፋሁ።

ሚስቱ ዘሃራ ከጥግ ተነሣች። ማስታጠቢያውን ይዛ መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች።

«ተዉአት፤ እውነቷን ነው» አለች ለሴቶቹ። «ያን ቀን ከወገራ ሲመጣ እራት አልበላም አለኝ። ምነው ብለው፣ ‹ዶሮ በልቼ መጣሁ› አለ። ደነገጥሁ። ‹አይዞሽ፣ በአፌ አይደለም› አለኝ። ከዚያ ውሃ አምጪልኝ ብሎ ደጋግሞ ተጉመጠመጠ።»

ለእኔ እጅ ውሃ አፈሰሰችልኝ። ታጠብሁ። ቀጥዬ መዳፌን ዘርግቼ ጨምሪልኝ አልኋት፤ ጨመረችልኝ፣ እንደ እሱ ልጉመጠመጥ ብዬ ወደ አፌም አደረግሁት። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። ጉንጬ ሙሉ ውሃ ይዤ፣ መትፋቱም መዋጡም አልሆንልኝ ብሎ፣ እዚያው ተቀመጥሁ።